ክሌር ኪገንን ከየትኛው መጽሐፏ መጀመር ይሻላል? የአምስት መጻሕፍት ንጽጽር

አየርላንዳዊቷ ደራሲ ክሌር ኪገን ከ1999 እስከ 2023 ድረስ ያወጣቻቸው ዋና ዋና የልብ ወለድ መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ስለሆኑ አምስቱንም በአንድ እጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ጥቂት የጻፈችን ደራሲ ለማንበብ መመሪያ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ጊዜ ያለው ሰው ሁሉንም በሁለት ሳምንት አንብቦ ይጨርሳቸዋልና። አስቸጋሪው ግን ብዛታቸው ሳይሆን ቅደም ተከተላቸው ነው። ኪገን ዋናውን ነገር ሳትናገር ትታ አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት የምታደርግ ጸሐፊ ናት፤ ይህን አጻጻፏን ሳይለምድ ከማይስማማው መጽሐፍ የጀመረ ሰው «ምንም የተፈጸመ ነገር የለም» ብሎ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሊተዋት ይችላል። እንዲህ ብለው የተዉአት ወዳጆች አሉኝ፤ በሌላኛው በር ቢገቡ ኖሮ እስከ ዛሬ እያነበቧት ይኖሩ እንደነበር አምናለሁ።

ኪገን በ1968 በምሥራቅ አየርላንድ፣ በዊክሎው አውራጃ ተወለደች። ያደገችው እርሻ ላይ በሚኖር፣ ልጅ በበዛበት የካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። በ17 ዓመቷ ወደ አሜሪካ ተሻግራ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በሚገኘው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛና የፖለቲካ ሳይንስ አጠናች። በ1992 ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በዌልስ የፈጠራ ድርሰት ተምራለች፤ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅም ትምህርቷን ቀጥላለች። ከመጻፍ ሌላ ልብ ወለድ አጻጻፍን ታስተምራለች። ገጠሩን ትታ የሄደችና ተመልሳ የመጣች መሆኗ በሥራዎቿ ሁሉ ይታያል፤ የመንደሩን ሰው ጠባይ እንደ ተወላጅ ታውቀዋለች፤ ተወላጁ ለምዶት የማያስተውለውን ደግሞ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ ታየዋለች።

በታተሙበት ቅደም ተከተል የመጀመሪያው በ1999 የወጣው «አንታርክቲካ» የተባለ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ሲሆን፣ ሩኒ የተባለውን የአየርላንድ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ይህ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለተኛው የ2007ቱ «ዎክ ዘ ብሉ ፊልድስ» ነው፤ በአማርኛ «በሰማያዊው መስክ መራመድ» ብዬዋለሁ፤ ይህም መድበል ሲሆን የኤጅ ሂልን የአጫጭር ልብ ወለድ ሽልማት አሸንፏል። ሦስተኛው በ2010 ራሱን ችሎ የታተመው «ፎስተር» ነው። ከዚያ በኋላ ደራሲዋ ለ11 ዓመታት አዲስ ሥራ በመጽሐፍ መልክ አላወጣችም። በ2021 «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ»፣ ማለትም «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» መጣ፤ በ2023 ደግሞ «ሶ ሌት ኢን ዘ ዴይ»፣ ማለትም «ይህን ያህል ከመሸ በኋላ» ተከተለው። የአማርኛዎቹ ርእሶች ለዚህ ጽሑፍ እንዲያመቹ የተረጎምኳቸው ናቸው።

ብዙ አንባቢ የሚጀምረው «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» ከተባለው ነው፤ ሽልማቱም ፊልሙም ዝናውም ወደዚያ ስለሚመራ። የእኔ ምክር ግን ከ«ፎስተር» እንዲጀምሩ ነው። ምክንያቴን በሰፊው አስረዳለሁ፤ የአንባቢው ሁኔታ የሚለውጠውን ደግሞ በየቦታው እጠቅሳለሁ።

«ፎስተር» ከመቶ ገጽ በታች ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የሚተረከው ስሟ በማይነገረን ትንሽ ልጅ አንደበት ነው። እናቷ ሌላ ልጅ ልትወልድ ተቃርባለች፤ ቤታቸው ልጅ የሞላበትና እጅ ያጠረው ነው። አንድ እሑድ ጠዋት አባቷ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት በመመለስ ፈንታ በመኪና ወደ ዌክስፎርድ አውራጃ ወስዶ፣ ኪንሴላ ከሚባሉ የእናቷ ወገን ባልና ሚስት ዘንድ ያደርሳትና ትቷት ይመለሳል። ልብሷን ከመኪናው ማውረድ እንኳ ይረሳል። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ የነገራት የለም። በዚያ ቤት በሙቅ ውሃ ያጥቧታል፤ ፀጉሯን ያበጥሩላታል፤ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ሊቀዱ ይዘዋት ይሄዳሉ። ኪንሴላ አንድ ምሽት እጇን ሲይዛት፣ አባቷ አንድ ቀን እንኳ እጇን ይዞ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትገነዘባለች።

ሴራው ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ቢሆንም መጽሐፉ አንባቢን እንዴት ማንበብ እንዳለበት ያስተምረዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አባቷ ሊሄድ ሲነሣ የቤቱ እመቤት ሩባርብ የተባለውን፣ አገዳው የሚበላውን ተክል ከጓሮዋ ቆርጣ ትሰጠዋለች። አንዱ አገዳ ከእጁ ይወድቃል። እርሱ እርሷ አንሥታ እንድትሰጠው ይጠብቃል፤ እርሷም ራሱ እንዲያነሣው ትጠብቃለች፤ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው ባልየው ነው። ደራሲዋ ስለዚህ አባት ስንፍናና ኩራት፣ ስለዚህች ሴት ክብር፣ ስለ ባልየውም የዋህነት አንድ ቅጽል አልጻፈችም፤ ነገር ግን የሦስቱም ጠባይ ከዚያች ከወደቀች አገዳ ላይ ይነበባል። ይህን ያየ አንባቢ በሌሎቹ መጻሕፍትም ሰው ምን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን፣ እጁ ምን እንደሚሠራ መመልከት ይጀምራል።

የቤቱ የቆየ ሐዘንም በዚሁ መንገድ ነው የሚገለጠው። ልጅቱ የተኛችበት ክፍል ግድግዳ ባቡር በተሣለበት ወረቀት ተለብጧል፤ የሚያለብሷትም የወንድ ልጅ ልብስ ነው። እርሷ ታየዋለች፤ ትነግረናለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቅም። አንባቢው ቀድሟት ይጠረጥራል፤ በጥርጣሬና በማወቅ መካከል ያለው ያ ጥቂት ገጽ በጣም የሚከብድ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የመጽሐፉን መጨረሻ ያልሰማ ሰው ሳይሰማ እንዲያነበው እለምናለሁ።

ሌላው ምክንያቴ ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን አንባቢዎች «ፎስተር» ከአምስቱ ሁሉ ቀላሉ ነው። ተራኪዋ ልጅ ስለሆነች ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ቃላቱም የዕለት ተዕለት ናቸው፤ አንዳንድ የአየርላንድ ገጠር አነጋገሮች ቢያጋጥሙም ከዐውዱ ይገባሉ። አየርላንድም ራሷ መጽሐፉን በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የሥነ ጽሑፍ ዝርዝር ውስጥ አካትታዋለች። ስለ ዘመኑ የሚያስፈልገው ዕውቀትም ጥቂት ነው፦ በእስር ላይ ካሉ የረሃብ አድማ መቺዎች ሌላ አንዱ ስለ መሞቱ የሚወራ ወሬ አለ፤ ይህም ዘመኑ በሰሜን አየርላንድ አሥር እስረኞች በረሃብ አድማ የሞቱበት 1981 እንደሆነ ይጠቁማል።

ስለ ርእሱ አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ የሌላውን ሰው ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ ማሳደግም፣ ተስፋን በልብ ውስጥ ማሳደግም አለ። በእኛ ቋንቋ ማደጎ አለ፤ ከኦሮምኛ የወሰድነው ጉዲፈቻም አለ። ይሁን እንጂ የዚህች ልጅ ሁኔታ ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው ብዙዎቻችን ወደምናውቀው ነገር፣ ቤት ሲጠብ ልጅን «ለጊዜው» ዘመድ ዘንድ ወደ መላክ ነው። እንዲህ ተልኮ ያደገ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ከደራሲዋ የአገር ልጆች ያነሰ የሚገባው አይመስለኝም።

«ፎስተር» በ2009 ዴቪ በርንስ የተባለውን የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት አሸንፏል፤ ዳኛው አሜሪካዊው ደራሲ ሪቻርድ ፎርድ ነበር፤ የገንዘቡ መጠንም 25,000 ዩሮ ነበር። በ2010 መጀመሪያ በዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ አጠር ብሎ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፌበር የተባለው የለንደን አሳታሚ ሙሉውን በመጽሐፍ አወጣው። እዚህ ላይ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው፦ የመጽሔቱ ቅጂ በእጅ ቢኖርም እንኳ መጽሐፉን ይምረጡ። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ከተቀነሰው ጋር አብሮ የሚሄደው ዝምታው ነው።

አሁን ወደ «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» ልለፍ። ቦታው በዌክስፎርድ አውራጃ ያለችው ኒው ሮስ ከተማ፣ ጊዜው 1985፣ የገና ሰሞን ነው። ቢል ፈርሎንግ ከሰልና የማገዶ እንጨት ነጋዴ ነው፤ ሚስትና አምስት ሴቶች ልጆች አሉት። ዘመኑ የሥራ አጥነትና የስደት ነው፤ የእርሱ ቤት ግን ቢያንስ ዕዳ የለበትም። እናቱ የወለደችው ገና በ16 ዓመቷ፣ ሳታገባ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ሳለች ነበር፤ አሠሪዋ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆነች መበለት ከቤት ስላላባረረቻት እናትና ልጅ በዚያው ኖሩ። አባቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ማለዳ በከተማው ዳርቻ ወዳለው የመነኮሳይት ገዳም ከሰል ሊያደርስ ሄዶ በከሰል ማስቀመጫው ውስጥ የተቆለፈባት ልጃገረድ ያገኛል። መጽሐፉ በሙሉ ከዚያ በኋላ በዚህ ሰው ውስጥ የሚሆነው ነው።

ይህን መጽሐፍ ለመረዳት «ፎስተር» የማይጠይቀው የታሪክ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ ማወቁም የሚጎዳ አይደለም። በአየርላንድ የመቅደላዊት የልብስ ማጠቢያዎች ተብለው የሚታወቁ፣ በካቶሊክ መነኮሳይት የሚተዳደሩ ተቋማት ነበሩ። ሳያገቡ የጸነሱ፣ ወይም በሌላ ምክንያት ቤተሰብና ማኅበረሰብ የገፋቸው ሴቶች እዚያ ተዘግተው ያለ ደመወዝ ልብስ ያጥቡ ነበር። የመጨረሻው ተቋም የተዘጋው በ1996 ነው። በ2013 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት አገሪቱ ራሷን ከቻለችበት ከ1922 ጀምሮ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በእነዚህ ተቋማት ማለፋቸውን አሳየ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ቴሌቪዥን በየቤቱ በገባበት፣ ብዙዎቻችን በምናስታውሰው ዘመን ነው።

ደራሲዋ ግን ስለ ተቋሙ የክስ መጽሐፍ አልጻፈችም። በማጠቢያው ውስጥ የሚፈጸመውን የምናየው በጥቂት ገጾች ብቻ ነው። የሚያሳስባት ከግንቡ ውጭ ያለው ሰው ነው፦ የሚያውቀው፣ ግን እንዳላወቀ የሚሆነው። የመነኮሳይቱ ገዳም ከፈርሎንግ ደንበኞች አንዱ ነው፤ ሂሳቡንም ይከፍላል። በከተማው ለሴቶች ልጆች ያለው ጥሩ ትምህርት ቤት ከዚያው ገዳም ጋር የተጎዳኘ ነው፤ የእርሱም ልጆች እዚያ መማር አለባቸው። ሚስቱ ኢሊን ክፉ ሴት አይደለችም፤ የልጆቿን ዕጣ የምታሰላ እናት ናት፤ የምትናገረው ሁሉ ልክ ነው ማለት ይቻላል፤ አስፈሪውም ይህ ነው። በአማርኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር በዚህ ከተማ ውስጥ ሰው የሚጨነቅበት ስሜት ብቻ ሳይሆን ከተማውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ነው፤ መነኮሳይቱ ማንንም ማስገደድ አያስፈልጋቸውም። ይሉኝታን እንደ መልካም ጠባይ አድርገን ለምናስተምር ለእኛ ይህ መጽሐፍ ጠንከር ያለ ጥያቄ ያቀርብልናል። እኔ በግሌ ከኢሊን ንግግሮች አንዳንዱን ራሴ የተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት መጽሐፉን ለጥቂት ቀናት አስቀምጬው ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ልዩነታቸው በግልጽ ይወጣል። በ«ፎስተር» ተራኪዋ ከአንባቢው ያነሰ ታውቃለች፤ በ«እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» ዋናው ሰው ለራሱ ከሚያምነው በላይ ያውቃል። በመጀመሪያው አንባቢው ልጅቱን ይጠብቃታል፣ ይሳሳላታል፤ በሁለተኛው ሰውየውን «አሁን ምን ታደርጋለህ?» እያለ ይከታተለዋል፤ ወዲያውም ጥያቄው ወደ ራሱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ስለ ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው ፍቅር የተቀበለ ሰው ስላለበት ዕዳ ነው። ከ«ፎስተር» እንዲጀመር የምመክረውም በዚህ ነው፦ ባዕድ ልጅን ተቀብሎ ማኖር ለዚያ ልጅ ምን እንደሆነ ከውስጥ የቀመሰ አንባቢ፣ ፈርሎንግ ለዚያች መበለት ምን ያህል ባለዕዳ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ተገላቢጦሹን ያደረገ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን በታሪኩ ክብደት ብቻ ይለካውና ለስላሳውን ክፍል ሊያልፈው ይችላል።

ይሁን እንጂ በቡድን ለሚያነቡ፣ ለምሳሌ በየወሩ ተሰብስቦ ስለ መጽሐፍ ለሚወያይ ማኅበር፣ ምርጫዬ ይገለበጣል። «ፎስተር» ካነበቡት በኋላ ሰው ዝም የሚልበት መጽሐፍ ነው። «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» ግን ያከራክራል፦ ኢሊን ትክክል ናት ወይስ አይደለችም? የሰውየው ውሳኔ ለልጆቹ ምን ያመጣባቸዋል? መጽሐፉ ውሳኔው ላይ ሲደርስ ስለሚያበቃ የሚከተለውን ሁሉ ለአንባቢው ይተዋል። በ2022 ለፖለቲካዊ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኦርዌል ሽልማት አሸንፏል፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ልብ ወለዶች ለሚሰጠው ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ በ116 ገጹ እስከዚያ ጊዜ ከታጩት ሁሉ አጭሩ ነበር። ለቡከር የሚታጩት በአብዛኛው ዳጎስ ያሉ መጻሕፍት በመሆናቸው፣ ይህን ያህል ትንሽ መጽሐፍ እኩል መቀመጡ ለአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሁሉ ደስታ ነበር።

«ይህን ያህል ከመሸ በኋላ» ከሁሉ አጭሩ ነው፤ ራሱን ችሎ ሲታተም ከ70 ገጽ አይበልጥም። ካሃል የተባለ የደብሊን ቢሮ ሠራተኛ ጁላይ 29፣ አርብ ቀን፣ ከሥራ ወጥቶ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲሄድና ሳቢን ስለምትባል ሴት ሲያስብ ይከተለዋል። ብዙ አይፈጸምም። ሳቢን ለምትሠራው ኬክ የገዛችው ቼሪ ዋጋ ያሳስበዋል፤ የቀለበት ማስተካከያ ሂሳብም ያናድደዋል። በአማርኛ «ነፈገ» የሚለው ግስ ለእንጀራም ለፍቅርም እኩል ይሠራል፤ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ያ ግስ ነው። ገንዘቡን የሚሳሳ ሰው በዚያው እጁ ርኅራኄውንም፣ ይቅርታውንም፣ ምስጋናውንም ሲነፍግ እናያለን፤ ይህንንም ከየት እንደተማረ፣ ከአባቱ ቤት ትዝታ ውስጥ፣ በአንዲት የገበታ ላይ ትዕይንት እንረዳለን። ፈረንሳይኛው ትርጉም «ሚዞጂኒ» የሚል ርእስ ነው የተሰጠው፤ ሴቶችን መጥላት ማለት ነው። የእንግሊዝኛውን ርእስ እመርጣለሁ፤ ፈረንሳይኛው አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ፍርድ ገና በሽፋኑ ላይ ያነብበታል።

ይህን መጽሐፍ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በለንደን የታተመው አንዱን ታሪክ ብቻ ይዟል፤ በኒው ዮርክ ግሮቭ የተባለው አሳታሚ ያወጣው ግን ሦስት ታሪኮች አሉት፦ ከዚህኛው ጋር ከ2007ቱ መድበል አንድ፣ ከ1999ኙም መድበል የርእሱ ታሪክ ተጨምረዋል። ሦስቱም በወንድና በሴት መካከል ስላለው መቃቃር ናቸው። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ የደራሲዋን የሃያ ዓመት ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሰው የአሜሪካውን ኅትመት ይግዛ። ሁለቱን መድበሎች አስቀድሞ የገዛ ግን በሁለት ሦስተኛው ላይ ድጋሚ እንዳይከፍል የለንደኑ ይበቃዋል። ከዚህ መጽሐፍ እንዲጀምሩ ግን አልመክርም፤ ኪገን ለሰው ልጅ ያላትን ርኅራኄ ሳያውቁ ካሃልን ብቻ ያዩ ሰዎች ጨካኝ ጸሐፊ አድርገው ሊወስዷት ይችላሉ።

አጭር ልብ ወለድ ለሚጽፉ፣ ወይም ለመጻፍ ለሚጥሩ፣ ከአምስቱ የላቀው «በሰማያዊው መስክ መራመድ» ነው። የርእሱ ታሪክ አንድ ቄስ በአንድ ወቅት የወደዳትን ሴት ለሌላ ሰው ሲድር የሚውልበት ቀን ነው። «የጫካ ጠባቂው ሴት ልጅ» በሚለው ታሪክ ደግሞ ውሻው የሚያየውና የሚያስበው ሁሉ ከሰዎቹ ጋር እኩል ይተረካል፤ የቤተሰቡ ምስጢር በአንድ ምሽት በጎረቤት ፊት እንደ ተረት ሆኖ ሲወጣ ማንበብ ብርቱ ትምህርት ነው። ይህ ታሪክ በ2019 ለብቻው በትንሽ መጽሐፍ ታትሟል፤ መድበሉን ከመግዛቱ በፊት መቅመስ ለሚፈልግ ይመቻል።

ከመድበሉ ውስጥ በተለይ ከአገራቸው ርቀው ለሚኖሩ አንባቢዎች የምጠቁመው «የስንብት ስጦታ» የተባለውን ነው። አንዲት ወጣት የአባቷን ቤት ትታ ወደ ኒው ዮርክ በምትበርበት ማለዳ፣ ማን ምን እንደሰጣትና ማን ምን እንደወሰደባት በዝምታ ይቆጠራል። የተጻፈው በሁለተኛ መደብ ነው፤ የእንግሊዝኛው ሁለተኛ መደብ ደግሞ ወንድና ሴትን አይለይም። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ከመጀመሪያው መስመር «አንቺ» ለማለት ይገደዳል፤ እኔ ስሞክረው ታሪኩ ይበልጥ የቀረበ፣ እናት ወይም ታላቅ እህት የምትናገረው የሚመስል ሆነብኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ደረሰባት በደል የሚነገረው ነገር ከባድ ነው፤ ተመሳሳይ ቁስል ያለበት አንባቢ ይህን አውቆ ቢገባ ይሻላል። የመድበሉ እንግሊዝኛ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ የገጠሩ አነጋገርና የአፈ ታሪኩ ቃና ይበዛበታል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሆኖ ቢነበብ እመርጣለሁ።

«አንታርክቲካ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው፤ መሆኑም ይታወቃል። ታሪኮቹ ሾል ያሉ ናቸው፤ አንባቢን በመጨረሻ ማስደንገጥ ይወዳሉ፤ አንዳንዶቹም በአሜሪካ ደቡብ ይፈጸማሉ። የርእሱ ታሪክ ባሏን የምትወድ ሴት ከሌላ ወንድ ጋር መተኛት ምን እንደሚመስል ልታይ ወደ ከተማ የምትሄድበት ነው፤ አዋቂዎች ሊያነቡት የሚገባ፣ መጨረሻውም የሚያስፈራ ነው። ቢሆንም «ወንዶችና ሴቶች» በተባለው ታሪክ ውስጥ፣ ለአባቷ በር ስትከፍትና ስትዘጋ የምትውል ልጅ በአንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እናቷን በአዲስ ዓይን ስታያት፣ የኋላዋ «ፎስተር» ገና ጥሬዋ ይታያል። ለዚያ ብሎ በመጨረሻ ማንበብ ደስ ይላል።

የቀረው የፊልሞቹ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያገኛት በእነርሱ በኩል ስለሆነ ሊታለፍ አይገባም። «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» በ2024 በቲም ሚላንትስ አዘጋጅነት ወጥቶ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል መክፈቻ ሆነ፤ ፈርሎንግን የተጫወተው ኪሊያን መርፊ ነው፤ የገዳሙን እመምኔት የተጫወተችው ኤሚሊ ዋትሰንም በዚያው ፌስቲቫል በረዳት ተዋናይነት የብር ድብ ሽልማት አገኘች። ፊልሙ የሚመሰገን ነው፤ መርፊ ብዙውን በፊቱ ብቻ ይናገራል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ፈርሎንግ ገንዘብ ሲቆጥር፣ ልጆቹን ሲያይ፣ የሰው ቸርነት ሲያስታውስ በውስጡ የሚመላለሰው ሐሳብ ፊልም ሊይዘው የማይችለው ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ቢቀድም ይሻላል።

«ፎስተር» ግን የተለየ ነው። ኮልም ባሬድ በ2022 «ጸጥተኛዋ ልጅ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ የሠራው ፊልም አብዛኛው ንግግሩ በአየርላንድኛ ነው፤ በ2023 በኦስካር የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ዕጩ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ከተሠሩት የመጀመሪያው ነበር። ደራሲዋ ታሪኩን የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ አዘጋጁ ወደ አገሩ ጥንታዊ ቋንቋ መለሰው፤ ለልጅቱም መጽሐፉ የነፈጋትን ስም ሰጣት። የልጅቱ የውስጥ ድምፅ ጠፍቷል፤ በምትኩ ፊቷን እናያለን። እዚህ ፊልሙን አስቀድሞ ማየት መጽሐፉን ያበላሻል አልልም። አንድ ወዳጄ ፊልሙን አይታ መጽሐፉን በዚያው ሌሊት አነበበችው፤ መጨረሻውን እያወቀች፣ አባትየው ገና በመጀመሪያው ገጽ መኪናውን ከቤታቸው አቅጣጫ ሲያዞር ማልቀስ እንደጀመረች ነገረችኝ።